ትንሽ አውሮፕላን በነፋስ ቀን ማሳረፍ፦ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

በነፋስ ቀን ማረፊያ ላይ የሚደርስ የትንሽ አውሮፕላን አደጋ አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ይመሳሰላል። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጫፍ ድረስ ደህና ይመጣል። መሬት ሊነካ ሲል ነፋሱ ድንገት ይበረታና ወደ ላይ ያነሳዋል። ወዲያው ደግሞ ይላላል። አውሮፕላኑ ዱብ ይልና ይነጥራል፤ አፍንጫውም ወደ ነፋሱ ይዞራል። አብራሪው ከመሪው ጋር ሲታገል የፊት ጎማው ይሰበራል፣ ፕሮፔለሩ አስፋልት ይመታል፣ ወይም አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሣር ውስጥ ይገባል። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል።

እንዲህ ዓይነቱ አደጋ ላይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይወጣል። ይበልጥ የሚያስፈራው ሌላው ነው። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ፣ ፍጥነት ካለቀ በኋላ፣ "ልነሳ" ተብሎ የሚወሰነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለተማሪ አብራሪዎችና ፈቃዳቸውን በቅርቡ ላገኙ ነው። የምናነባቸው የበረራ መጻሕፍት አብዛኞቹ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለ ሜዳን አስበው የተጻፉ ናቸው። እዚያ ነፋስ ቢያስቸግር ፓወር ሰጥቶ መነሳት ቀላል ነው። እዚህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ማረፉን ትቶ የመነሳት ውሳኔ መጽሐፉ ከሚያስተምረው ቀደም ብሎ መምጣት አለበት። ከዚህ በታች የማነሳው ነገር ሁሉ ወደዚህ ነጥብ ይመለሳል። ከአስተማሪያችሁና ከአውሮፕላናችሁ መጽሐፍ የሚጋጭ ነገር ካገኛችሁ እነሱን ስሙ።

1. የከፍታውን ሒሳብ አስቀድማችሁ ያዙ

ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በጫማ 7,600 ገደማ ነው። ይህ ግን የካርታው ቁጥር ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪን ትንሽ ሲያልፍ ሞተሩና ክንፉ የሚሰማቸው ከፍታ ወደ 10,000 ጫማ ይጠጋል። ዴንሲቲ አልቲቲዩድ የምንለው ይህንን ነው። 20 ዲግሪ ለአዲስ አበባ ሰው ደስ የሚል ቀን ነው። ለሞተር ግን ከባድ ነው።

በዚህ አየር ውስጥ የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ሲያሳይ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄደው በ75 ነው። ነፋስ ከሌለ መሬቱም ከሥራችሁ በ75 ያልፋል። 10 ኖት ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ነገር ግን ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። አውሮፕላኑ ይዞት የሚመጣው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ የማረፊያ እግሩም ይህን መሸከም አለባቸው። ከመስመር ትንሽ ዞር ብሎ መንካት ባሕር ጠለል ላይ ጎማ ያንጫጫ ይሆናል። እዚህ ጎማ ሊነቅል ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ዓይን ነው። መሬቱ በፍጥነት ሲያልፍ "በጣም እየሮጥኩ ነው" የሚል ስሜት ይመጣል። እጅ ሳይታዘዝ መሪውን ይስባል። ስቶል፣ ማለትም ክንፉ ተሸካሚነቱን የሚያጣበት ሁኔታ፣ የሚወሰነው ግን በመለኪያው ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ሐዋሳም ሆናችሁ ቦሌ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ፋይናል ላይ፣ ማለትም ወደ ማኮብኮቢያው በቀጥታ በሚወስደው የመጨረሻ መስመር ላይ፣ ፍጥነትን በመስኮት አትለኩ። መለኪያውን እዩ። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተምሮ ወደዚህ የመጣ ሰው ይህን ለብቻው ቢለማመድ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው ሞተሩ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ኃይሉን ያጣል። ወደ 10,000 ጫማ ሲጠጋ 30 በመቶ ያህሉ የለም ማለት ነው። ሴስና 172 ኤስ ሙሉ ጭነት ይዞ ባሕር ጠለል ላይ በደቂቃ 730 ጫማ ገደማ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን የዚያን ግማሽ እንኳ አትጠብቁ። ያውም ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል) ሳይወርድ ነው። እንደ ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ ያለ ቱርቦ ዲዝል ሞተር የያዘ አውሮፕላን የምታበሩ ከሆነ ይህ ጉዳይ ይቀልላችኋል። የመሬቱ ፍጥነት ግን ለእናንተም ያው ነው።

2. ነፋሱን ከቤት ሳትወጡ እወቁት

በበጋ ወራት ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከረፋዱ ጀምሮ ነፋሱ እየተነሳ ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። አቅጣጫው ባብዛኛው ከምሥራቅ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ አቧራም ይዞ ይመጣል። በእኔ እምነት ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው ጥንቃቄ ጠዋት መብረር ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ ችሎታም አይጠይቅም። በረራችሁ ተገፍቶ ከሰዓት በኋላ ቢደርሳችሁ "ዛሬ ይቅርብኝ" ለማለት አትፈሩ።

ክረምት ሌላ ታሪክ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጠዋቱ ጥሩ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። ከደመናው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲነካ ወደየአቅጣጫው ይፈስሳል። ይህ ነፋስ ዝናቡን ብዙ ኪሎ ሜትር ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ማለትም እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠራ እያለ ማኮብኮቢያው ላይ ነፋሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገለበጣል። መጀመሪያ የፊት ነፋስ ይሰጣችሁና ፍጥነታችሁ ከፍ ይላል፤ ደስ ይላችኋል፤ ፓወር ትቀንሳላችሁ። ከዚያ ያው ነፋስ ከኋላ ይሆንና ፍጥነቱ ይከዳችኋል። ከእንጦጦ ወይም ከየረር በኩል ጥቁር ደመና የዝናብ መጋረጃ አንጠልጥሎ ካያችሁ ቀድሜ አርፋለሁ ብላችሁ አትሽቀዳደሙ። ራቁ። ወደ ሌላ ሜዳ የሚያደርስና ተጨማሪ አንድ ሰዓት የሚያቆይ ነዳጅ ይዛችሁ ከተነሳችሁ ለመራቅ አትቸገሩም።

የአየር ሁኔታ ሪፖርቱን ስታነቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሰዓቱ ዓለም አቀፍ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀን ላይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ 3 ቀንሱ። ሪፖርቱ 9 ሰዓት ካለ እኛ ጋ 6 ሰዓት፣ እኩለ ቀን ነው። 12 ካለ እኛ ጋ 9 ሰዓት ነው፤ ነፋሱ የሚበረታበት ጊዜ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። ሪፖርቱ ላይ ጋስት የሚጻፈው ድንገት የሚበረታው ነፋስ ከአማካዩ ቢያንስ 10 ኖት ሲበልጥ ነው። አማካዩ 12 ሆኖ አልፎ አልፎ 20 ቢደርስ ጋስት ተብሎ ላይጻፍ ይችላል። ለትንሽ አውሮፕላን ግን 8 ኖት መምጣትና መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። "ጋስት አልተጻፈም" ማለት "ነፋሱ ለስላሳ ነው" ማለት አይደለም።

ከከተማዋ ወጣ ብላችሁ ስትለማመዱ ደግሞ መሬቱ ራሱ ይነግራችኋል። በአቃቂና በዱከም በኩል የፋብሪካ ጭስ አለ። ጭሱ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ቀጥ ካለ ነፋሱ ጠንካራ ቢሆንም እኩል ነው። እየተቆራረጠ ከሄደ ጋስት አለ። በጥቅምትና በኅዳር የጤፍ ማሳው ሲንቀሳቀስ ነፋሱ በየት እንደሚያልፍ በዓይን ይታያል። የባሕር ዛፍ ጫፍም እንደዚሁ። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲበረታ ከየረር በስተምዕራብ፣ ተራራው በጋረደው ሰማይ ዝቅ ብላችሁ አትቆዩ። ከተራራ ጀርባ አየር ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱ ወደ ታች ሲጫን ደካማ ሞተር ላያሸንፈው ይችላል።

3. ቁጥሩን በወረቀት ሥሩ

ምሳሌ እንውሰድ። ማኮብኮቢያ 07 ላይ ልታርፉ ነው። አቅጣጫው 70 ዲግሪ ገደማ ነው። ነፋሱ ከ120 ዲግሪ በ14 ኖት፣ ጋስቱ 24።

የማዕዘኑ ልዩነት 50 ዲግሪ ነው። በቃል መያዝ የሚቻለው ሒሳብ ይህ ነው፦ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ከሆነ የነፋሱ ግማሽ ከጎን ይመጣል። 45 ከሆነ 0.7 ያህሉ። 60 ከሆነ ወደ 0.9 የሚጠጋው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁሉንም የጎን ነፋስ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። በ50 ዲግሪ 0.77 ነው። ስለዚህ አማካዩ 11 ኖት የጎን ነፋስ ይሆናል፤ ጋስቱ ደግሞ ከ18 በላይ።

የሴስና 172 ኤስ መጽሐፍ በሙከራ የታየ የጎን ነፋስ ብሎ የሚጠቅሰው 15 ኖት ነው። በአማካዩ ካሰባችሁ ይቻላል። በጋስቱ ካሰባችሁ አይቻልም። ምንጊዜም በጋስቱ አስቡ። ምክንያቱም ጎማው መሬት በሚነካባት ሰከንድ የትኛው እንደሚደርሳችሁ አታውቁም። ያ 15 ኖትም የፋብሪካው ልምድ ያለው የሙከራ አብራሪ ያሳየው ነው። የእናንተ ገደብ ከዚያ ያነሰ መሆን አለበት፤ ቁጥሩን ከአስተማሪያችሁ ጋር ተስማምታችሁ ጻፉት፤ ሰማይ ላይ ሆናችሁ ለራሳችሁ አስተያየት አታድርጉበት።

አሁን የአፕሮች፣ ማለትም ለማረፍ የምንጠጋበት፣ ፍጥነት። የተለመደው ደንብ ከአማካዩና ከጋስቱ ልዩነት ግማሹን መጨመር ነው። 24 ሲቀነስ 14 ይሆናል 10፤ ግማሹ 5። በ65 ልትመጡ ከነበረ በ70 ትመጣላችሁ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ። "ለማንኛውም" ተብሎ የሚጨመር ፍጥነት አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ ሳይወርድ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል። በተንሳፈፈ ቁጥር ለጋስቱ የተጋለጠበት ጊዜ ይረዝማል።

ፍላፕን በተመለከተ የ172 መጽሐፍ በጠንካራ የጎን ነፋስ ሜዳው ከሚያስገድደው በላይ ፍላፕ አትጠቀሙ ይላል። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆኑ በርዝመት በኩል ችግር የለም። አጭር ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ግን የማረፊያ ርቀቱን ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ በከፍታውና በሙቀቱ አውጡት። በግምት አይሆንም።

4. ሚክስቸር

ይህን ለብቻው ያነሳሁት ዝቅ ባለ ሜዳ የማይታይ፣ እዚህ ግን ነፍስ የሚያስከፍል ነገር ስለሆነ ነው።

ሚክስቸር ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለው ነዳጅ መጠን የሚስተካከልበት ነው። ብዙ የማረፊያ ቼክሊስት "ሚክስቸር ሪች" ይላል። ነዳጁን ሙሉ ክፈቱ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሙሉ ነዳጅ ከከፈታችሁ ለአየሩ ይበዛበታል። ፓወር ስትቀንሱ ችግሩ አይታወቅም። ልትነሱ ትሮትሉን (የፓወር መስጫውን) ሙሉ ስትሰጡት ግን ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይንተፋተፋል፤ ያለችውን 70 በመቶ እንኳ አይሰጥም። የ172 መጽሐፍ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ከመነሳታችሁ በፊት ሙሉ ፓወር ሰጥታችሁ ከፍተኛው የሞተር ዙር እስኪገኝ ሚክስቸሩን ቀንሱ ይላል። ጠዋት ስትነሱ ያገኛችሁትን ቦታ አስታውሱ። ለማረፍ ስትመጡም ወደዚያው መልሱት። ቼክሊስቱን በቃል እያነበነቡ እጅ ብቻውን ወደፊት የሚገፋው ጊዜ አለ፤ እሱን ተጠንቀቁ። እንደ ዲኤ40 ኤንጂ ያሉት ሚክስቸር ስለሌላቸው ይህን ክፍል ዝለሉት።

5. ከሰርኪዩት እስከ ፋይናል

ሰርኪዩት ለማረፍ ማኮብኮቢያውን የምንዞርበት መስመር ነው። ዳውንዊንድ (ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚበረረው ክፍል) ላይ ሆናችሁ ታወሩን (የበረራ ተቆጣጣሪውን) ስለ ነፋሱ ጠይቁ። ቤዝ (ዳውንዊንድን ከፋይናል የሚያገናኘው ክፍል) ላይ ስትሆኑ ነፋሱ ከኋላ እየገፋችሁ ከሆነ ወደ ፋይናል መዞሪያውን ቀደም አድርጉ። መስመሩን አልፋችሁ ከሄዳችሁ ክንፉን አብዝታችሁ አታዘንብሉ፣ በራደርም (በፔዳል በሚታዘዘው የጭራ መሪ) አፍንጫውን አትጎትቱ። ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ራደር እየረገጡ መዞር ወደ ስፒን (እየተሽከረከሩ ወደ መውደቅ) የሚወስድ መንገድ ነው፤ በዚያ ዝቅተኛ ከፍታ ከስፒን መውጣት አይቻልም። መስመሩን ካለፋችሁት አልፋችሁታል። ተነሱና እንደገና ዙሩ።

ከፊታችሁ ትልቅ ጄት ካለ ርቀት ጠይቁ። ሁለቱ የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ጎን ለጎን ስለሆኑ የጎን ነፋስ የአንዱን ጄት ሽክርክሪት ወደ ሌላው ሊወስደው ይችላል።

ፋይናል ላይ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ትንሽ አዙሩና መስመሩ ላይ ቆዩ። በምሳሌያችን ነፋሱ ከቀኝ ነው፤ አፍንጫው ወደ ቀኝ ያያል። ፓወሩን በየጋስቱ አታሯሩጡት። ፍጥነቱ ጥቂት ወጣ ገባ ማለቱ አይቀርም፤ አማካዩን ጠብቁ። ከመሬት በላይ 500 ጫማ ላይ ለራሳችሁ ጮክ ብላችሁ መልሱ፦ መስመሩ ላይ ነኝ? ፍጥነቱ ልክ ነው? ቁልቁለቱ ልክ ነው? አንዱ "አይ" ከሆነ ተነሱ።

6. ክንፍ ዝቅ፣ ከዚያ ፈተናው

አንዳንዱ አብራሪ አፍንጫውን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ወደ ነፋሱ አድርጎ ልክ ሲነካ ያቃናዋል። ለለመደ ሰው ይሠራል። ለጀማሪ በጋስት ውስጥ አልመክረውም። ጊዜው በግማሽ ሰከንድ ከተዛባ ጎማው በጎኑ ይነካል።

የተሻለው 200 ጫማ ገደማ ላይ ቀድሞ መለወጥ ነው። የነፋሱን ወገን ክንፍ ዝቅ አድርጉ፤ በምሳሌያችን ቀኙን። በግራ ፔዳል አፍንጫውን ከማኮብኮቢያው ጋር ቀጥ አድርጉ። አይሌሮኑ (ክንፉን የሚያዘነብለው ክፍል) ወደ ጎን መንሸራተቱን ያስቆማል፤ ራደሩ አፍንጫውን ያቀናል። ነፋሱ ሲለዋወጥ ሁለቱም አብረው ይለዋወጣሉ።

ይህን ቀድሞ ማድረግ ትልቅ ጥቅም አለው። ፔዳሉን እስከ ጫፍ ረግጣችሁ አፍንጫው ቀጥ አልል ካለ ነፋሱ ከአውሮፕላኑ አቅም በላይ ነው ማለት ነው። መልሱን 200 ጫማ ላይ አገኛችሁት፤ መሬት ላይ ቢሆን አደጋ ነበር። ወደ መሬት ስትቀርቡ ነፋሱ ትንሽ መላላቱ የተለመደ ነው፤ ያንን ተስፋ አድርጋችሁ ግን አትቀጥሉ።

በመጨረሻዎቹ 50 ጫማዎች የፊት ነፋሱ ሲቀንስ የመለኪያውም ፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ ፓወሩን በአንድ ጊዜ አትዝጉት፤ ጥቂቱን ይዛችሁ እየቀነሳችሁ ግቡ። ፍሌር ላይ (መሬት ከመንካት በፊት አፍንጫው ቀና ሲደረግ) የነፋሱን ወገን ክንፍ ዝቅ እንዳለ ያዙት። መጀመሪያ የሚነካው የዚያ ወገን ጎማ ነው። አንድ ጎማ ብቻ ሲነካ ብዙ ተማሪ ይደነግጥና ክንፉን ያቃናል። አታቃኑት። ትክክለኛው እሱ ነው።

7. ጎ አራውንድ (ማረፉን ትቶ መነሳት)፦ መቼና እንዴት

መቼ? ፍሌር ላይ ወደ ጎን ከተንሸራተታችሁ። ጋስቱ ከፍ አድርጎ ካነሳችሁ። የማኮብኮቢያው የመጀመሪያ ሲሶ አልቆ ገና የምትንሳፈፉ ከሆነ። አንድ ጊዜ ጠንከር ብሎ ከነጠረ። ሁለተኛውን ንጥረት አትጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይከፋል፤ የፊት ጎማው የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። መሪውን ወደፊት ገፍቶ በግድ መሬት ላይ ማስቀመጥም አይሆንም፤ በፊት ጎማው ትመቱታላችሁ።

ከፋይናል በፊት "ዛሬ ልነሳ እችላለሁ" ብላችሁ ካልወሰናችሁ ፍሌር ላይ አትወስኑም። የሰው አእምሮ ለማረፍ ከተዘጋጀ ለማረፍ ይታገላል። ስለዚህ በዚህ ከተማ በነፋስ ቀን እያንዳንዱን አፕሮች ለጎ አራውንድ እንደምትመጡ አድርጋችሁ ጀምሩት። ሁሉም ነገር ካማረ ታርፋላችሁ።

እንዴት? ትሮትሉን በድንገት ሳትገፉት ግን ሳትዘገዩ ሙሉ ስጡት። ሚክስቸሩ ቀድሞ ቦታው ላይ ነው። ቀኝ እግራችሁን ዝግጁ አድርጉ፤ ሙሉ ፓወር አፍንጫውን ወደ ግራ ይስባል። አውሮፕላኑ ለማረፍ ትሪም ስለተደረገ (መሪው ሳይያዝ የማረፊያውን ፍጥነት እንዲጠብቅ ስለተስተካከለ) ፓወር ሲያገኝ አፍንጫው በኃይል ሽቅብ ይላል። ግፉት። ባሕር ጠለል ላይ አፍንጫው ትንሽ ቢበዛ ሞተሩ ይሸከመዋል፤ እዚህ አይሸከመውም። መጀመሪያ ፍጥነት፣ ከዚያ ከፍታ። ሙሉ ፍላፕ ከነበረ በ172 ኤስ ወዲያው ወደ 20 ዲግሪ መልሱት። የቀረውን ፍጥነት ሲገኝ በየደረጃው ሰብስቡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከሰበሰባችሁት ክንፉ ተሸካሚነቱን አጥቶ ትሰምጣላችሁ። አትዙሩ። ራዲዮውም ይቆያል፤ ታወሩ ያያችኋል።

መውጣቱ ቀርፋፋ ይሆናል። ቀርፋፋ መሆኑ ያስፈራል፤ ፍርሃቱ ደግሞ መሪውን ያስባል። ይህን ስሜት አስቀድማችሁ ልመዱት። ከአስተማሪያችሁ ጋር ወደ ልምምድ ቦታ ውጡ፤ ከመሬት በላይ 3,000 ጫማ ላይ ሙሉ ፍላፕ አድርጋችሁ በአፕሮች ፍጥነት ውረዱ፤ አንድ ከፍታ መሬት ነው ብላችሁ ያዙና እዚያ ስትደርሱ ተነሱ። መውረዱ እስኪቆም ስንት ጫማ ጠፋ? 100 ጫማ ለማግኘት ስንት ሰከንድ ፈጀ? ጻፉት። ያ ቁጥር የእናንተና የአውሮፕላናችሁ ነው። ከተማ ዳር ባለ አጭር ሜዳ ጫፍ ላይ የባሕር ዛፍ ረድፍ ካለ ከየት በኋላ መነሳት እንደማይቻል የሚነግራችሁ ይሄው ቁጥር ነው።

የማይነሳበትም ጊዜ አለ። ጎማው መሬት ይዞ፣ ፍጥነቱ ወርዶ፣ አውሮፕላኑ ከመስመር መውጣት ከጀመረ ፓወር አትስጡ። በደካማ ሞተር፣ በጎን አቅጣጫ፣ ከስቶል ፍጥነት በታች ለመነሳት መሞከር ሰው የሚሞትበት አደጋ ነው። ትሮትሉን ዝጉ፣ ራደሩን እስከምትቆሙ ተጠቀሙ፣ ሣር ውስጥ ግቡ። ጎማና ፕሮፔለር ይተካል።

8. ጎማ ከነካ በኋላ

ማረፉ አላለቀም። ፍጥነቱ ሲቀንስ አይሌሮኑ አቅም ያጣል፤ ስለዚህ መሪውን ወደ ነፋሱ እየጨመራችሁ ሂዱ፣ በመጨረሻ እስከ ጫፍ። ጭራው ሰፊ ስለሆነ ነፋሱ እሱን ይገፋና አፍንጫው ወደ ነፋሱ መዞር ይፈልጋል። በፔዳል ቀጥ አድርጉት። በ172 የፊት ጎማው ከፔዳሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ሲወርድ ፔዳሉ በጣም የተረገጠ ከሆነ ወደዚያው ይጎትታችኋል። ፍሬን በቀስታ።

ታክሲ ላይ (አውሮፕላኑ በጎማው መሬት ላይ ሲሄድ) ነፋሱ ከፊት ጎን ሲሆን መሪው ወደ ነፋሱ፤ ከኋላ ጎን ሲሆን ከነፋሱ በተቃራኒ፣ ወደፊትም ተገፍቶ። ስትቆሙ አውሮፕላኑን እሰሩት።

9. አደጋው ከደረሰ

አውሮፕላኑ እስኪቆም ማብረር አታቁሙ። ሲቆም ሚክስቸር ወደ ኋላ፣ ነዳጅ ዝጉ፣ ማግኔቶ (የሞተሩን ማቀጣጠያ) ዝጉ፣ ማስተር ስዊች (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ዝጉ። ጊዜ ካለ በአደጋ ጊዜው የራዲዮ ሞገድ፣ በ121.5፣ ተናገሩ። ጭስ ወይም የነዳጅ ሽታ ካለ ይህን ሁሉ ትታችሁ ውጡ። ከፕሮፔለሩ ራቁ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ሂዱ፣ ተሳፋሪዎችን ቁጠሩ።

ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይሰበሰባል። ገበሬው ከማሳው፣ ልጆች ከየአቅጣጫው። መጥተው የሚረዱ ሰዎች ናቸው፤ በአክብሮትና በግልጽ አነጋግሯቸው። "አባቴ፣ ነዳጅ ስለሚፈስስ እሳት አይቅረብ። ልጆቹን ያርቁልኝ። ያንን ፕሮፔለር ማንም እንዳይነካ።" የቆመ ፕሮፔለርም ማግኔቶው ካልተዘጋ በእጅ ሲዞር ሊነሳ ይችላል። አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመውን ሰው እሳት ካልመጣ በስተቀር አታንቀሳቅሱት። በስልክ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ሰፈሩን ስትነግሩ በዋናው መንገድና በቅርቡ ባለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት አመልክቱ።

ሰው ለማዳን ካልሆነ ስባሪውን አታንሱ፤ ጎማ የተጓዘበትን ምልክትም አትርገጡ። ፎቶ ከሁሉም ጎን አንሱ። ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አሳውቁ። በዓለም አቀፉ ደንብ፣ በአኔክስ 13፣ ጉዳቱ ፕሮፔለር፣ የክንፍ ጫፍ ወይም ጎማ ላይ ብቻ ከሆነና ሰው በጽኑ ካልተጎዳ "አደጋ" ላይባል ይችላል። ያም ሆኖ አሳውቁ። የምርመራው ዓላማ ተመሳሳይ ነገር እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ ያው ደንብ በግልጽ ያስቀምጣል።

በዚያው ቀን፣ ከሌሎች ጋር ብዙ ሳታወሩበት፣ የምታስታውሱትን ጻፉ። ታወሩ የነገራችሁ ነፋስ፣ በስንት ፍጥነት እንደመጣችሁ፣ ፍላፑ ስንት ላይ እንደነበረ፣ ሚክስቸሩ የት እንደነበረ፣ ለመነሳት መቼ እንዳሰባችሁና መቼ እንደሞከራችሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለያይታችሁ ጻፏቸው፤ መርማሪውም አስተማሪያችሁም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ በመካከላቸው ስላለፈው ጊዜ ነው።